የባሕር ወፍ ከመንጠቆ እንዲተርፍ፦ ከመርከቡ ኋላ ምን ይደረግ?

አልባትሮስ ኑሮው ባሕር ላይ ነው። እንቁላል ለመጣልና ጫጩት ለማሳደግ ካልሆነ መሬት አይረግጥም። ትልቁ ዝርያ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር ተኩል ይደርሳል። በሁለት ዓመት አንድ እንቁላል ብቻ ነው የሚጥለው። ለመራባት የሚደርሰውም ዐሥር ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ስለዚህ አንድ ትልቅ አልባትሮስ ሲሞት ቦታው ቶሎ አይሞላም። ጫጩት ካለውም ብቻውን አይሞትም። አንድ ወላጅ ብቻውን መቀለብ ስለማይችል ጫጩቱም አብዛኛውን ጊዜ በረሃብ ያልቃል።

ካልነኩት ግን ዕድሜው ረጅም ነው። በሰላማዊ ውቅያኖስ በሚድዌይ ደሴት የምትራባው ዊዝደም የተባለችው አልባትሮስ እግሯ ላይ ቀለበት የታሰረላት በ1956 ነው። በ2024 መጨረሻ ላይ እንደገና እንቁላል ጥላለች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ያኔ ዕድሜዋ ከ70 ያለፈ መሆኑ ነው።

በዓለም ላይ 22 የአልባትሮስ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ 15ቱ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበባቸው ናቸው። ባሕር ላይ ትልቁ ጠላታቸው ደግሞ ማንም ሆን ብሎ ያላጠመደላቸው መንጠቆ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎንግላይን በሚባለው የዓሣ ማጥመድ ዘዴ መርከቡ እየሄደ ከኋላው አሥር ኪሎ ሜትሮችን የሚያልፍ ዋና ገመድ ይለቃል። በዋናው ገመድ ላይ አጫጭር ቅርንጫፍ ገመዶች ይንጠለጠላሉ። በእያንዳንዱ ጫፍ መንጠቆ አለ፤ መንጠቆው ላይ ስኩዊድ ወይም ትንሽ ዓሣ ተሰክቷል። በአንድ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር መንጠቆ ይለቀቃል። ወፎቹ መርከቡን ይከተላሉ። ምግቡ ገና ውኃው ላይ እያለ ያዩታል፤ ይወርዱና ይውጡታል። ከዚያ የገመዱ ክብደት ወደ ታች ይስባቸዋል፣ ሰጥመው ይሞታሉ። በ2011 የወጣ ጥናት በሎንግላይን ብቻ በዓመት ቢያንስ 160,000 የባሕር ወፍ እንደሚሞት ገምቷል።

ደስ የሚለው ነገር ይህ ችግር መፍትሔ የሌለው አይደለም። ናሚቢያን ተመልከቱ። ከባሕሩ ግርጌ ሄክ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱት የናሚቢያ ሎንግላይን መርከቦች በ2009 ወደ 22,000 የሚጠጋ ወፍ ይገድሉ እንደነበር ይገመታል። በ2015 ወፍ ማስፈራሪያ ገመድ፣ ማለትም ከመርከቡ ኋላ የሚወጠርና ደማቅ ጥብጣቦች የሚንጠለጠሉበት ገመድ፣ በሕግ ግዴታ ሆነ። በ2018 የተገመተው ቁጥር 215 ነበር። መርከቦቹ ሥራቸውን አላቆሙም። የለወጡት ከመርከቡ ኋላ የሚሠሩትን ሥራ ነው።

ይህ መመሪያ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ላይ ለሚሠራ፣ ለታዛቢነት ለሚሳፈር፣ የዓሣ ሀብት ለሚያጠና ወይም ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በደንብ ማወቅ ለሚፈልግ ሁሉ ነው። ዋናው ትኩረቴ ሎንግላይን ነው። መርከብ ስለሚጎትተው ጎታች መረብና ውኃ ውስጥ ተተክሎ ዓሣ ስለሚጠብቀው ተተካይ መረብ መጨረሻ ላይ በአጭሩ አነሳለሁ።

መጀመሪያ ይህን ስሌት ያዙ

መንጠቆ ለወፍ አደገኛ የሚሆነው ከመርከቡ ከተለቀቀበት ቅጽበት ጀምሮ ዐሥር ሜትር ያህል እስኪሰምጥ ድረስ ነው። ከዚያ በታች አብዛኛው ወፍ አይደርስበትም። ሥራው ሁሉ ይህችን አጭር ጊዜ ይበልጥ ማሳጠር ወይም በዚያች ጊዜ ወፉን ከመንጠቆው ማራቅ ነው።

መርከባችሁ በ8 ኖት ይሄዳል እንበል። ይህ በሰኮንድ 4 ሜትር ገደማ ነው። መንጠቆው በሰኮንድ 0.3 ሜትር የሚሰምጥ ከሆነ 10 ሜትር ለመድረስ 33 ሰኮንድ ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ መርከቡ 135 ሜትር ያህል ርቋል። ያ 135 ሜትር ነው ለወፉ የተከፈተው ገበታ። ወደ 6 ኖት ዝቅ ብትሉ ርቀቱ 100 ሜትር ገደማ ይሆናል። 100 ሜትር ደግሞ ጥሩ የወፍ ማስፈራሪያ ገመድ ሊሸፍነው የሚችል ርቀት ነው። ፍጥነት፣ ክብደትና ማስፈራሪያ ገመድ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ የሚሆነው ለዚህ ነው። ካፒቴኑ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህ ስሌት ቢገባው ቀሪው ይቀላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ትልልቆቹ አልባትሮሶች ጠልቀው መዋኘት እምብዛም አይሆንላቸውም። ነጭ አገጭ ፔትረል የሚባለው መካከለኛ ወፍ ግን ከ10 ሜትር በላይ ይጠልቃል። እሱ የሰመጠውን ምግብ ከነመንጠቆው ወደ ላይ ያወጣዋል። ላይ የሚጠብቀው አልባትሮስ ነጥቆት ይውጠዋል። ትንሹን ወፍ ካላገዳችሁ ትልቁም አይተርፍም።

ወደብ ላይ እያላችሁ

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ባሕር መሀል ላይ የጎደለ ነገር አይገዛም። ከመነሳታችሁ በፊት እነዚህን አረጋግጡ፦

- ቢያንስ ሁለት የተሟላ የወፍ ማስፈራሪያ ገመድ፣ ሲደመርም መለዋወጫ ጥብጣቦች።
- ገመዱ የሚታሰርበት ጠንካራ ምሰሶ። ከውኃው 7 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ እንዲኖረው አድርጉ፤ ትልቅ መርከብ ከሆነ 8 ሜትር ይሻላል።
- በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ገመድ ላይ ክብደት።
- ረጅም እጀታ ያለው የመቅጃ መረብ፣ የብረት መቁረጫ፣ ፎጣዎች፣ ወፍራም ጓንት፣ መነጽርና ትልቅ ካርቶን።
- ለምግብነት የሚሰካውን ዓሣ በጊዜ ለማቅለጥ የሚያስችል ቦታ። በረዶ የሆነ ዓሣ ቶሎ አይሰምጥም።

መርከቡ ላይ ስለዚህ ሥራ በስም የሚጠየቅ አንድ ሰው መኖር አለበት። ሁሉም ኃላፊ ነው ከተባለ ማንም አይሠራውም።

ክብደቱን አስተካክሉ

በውኃው መካከለኛ ጥልቀት ቱናና ሰይፍ ዓሣ የምታጠምዱ ከሆነ፣ የአልባትሮስና ፔትረል ጥበቃ ስምምነት (በአጭሩ አካፕ) ከሦስት አማራጮች አንዱን ይመክራል። ከመንጠቆው ግማሽ ሜትር ውስጥ 40 ግራም፤ ወይም 1 ሜትር ውስጥ 60 ግራም፤ ወይም 2 ሜትር ውስጥ 80 ግራም። ክብደቱ ለመንጠቆው በቀረበ ቁጥር መንጠቆው ገና ውኃውን እንደነካ መስመጥ ይጀምራል። በራቀ ቁጥር ግን መጀመሪያ ገመዱ እስኪወጠር መንጠቆው ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። ወፍ የሚበላው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ የሠራተኛው ደኅንነት መረሳት የለበትም። ገመዱ ተወጥሮ ሲበጠስ ወይም መንጠቆው ከዓሣው አፍ ሲላቀቅ፣ የእርሳሱ ክብደት እንደ ጥይት ወደ መርከቡ ተመልሶ ይመጣል። በዚህ የተጎዱ፣ የሞቱም ሠራተኞች አሉ። ስለዚህ ገመዱ ላይ በቋሚነት ከታሰረ ይልቅ የሚንሸራተተውን ዓይነት ክብደት ምረጡ። ገመዱ ሲበጠስ እሱ ተንሸራቶ ይወጣል። በሚጎተትበት ጊዜም መነጽርና የራስ ቁር ይደረግ። ወፍ ለማዳን ተብሎ ሰው መጎዳት የለበትም፤ ሁለቱንም ማዳን ይቻላል።

ባሕሩ ግርጌ ላይ የሚተኛ ገመድ ከሆነ ክብደቱ በዋናው ገመድ ላይ ይታሰራል። የታወቀው ልክ ይህ ነው፦ ብረት ከሆነ 5 ኪሎ በየ40 ሜትሩ፣ ኮንክሪት ከሆነ 6 ኪሎ በየ20 ሜትሩ፣ በመረብ የታሰረ ድንጋይ ከሆነ 8.5 ኪሎ በየ40 ሜትሩ። ክብደቱን ገመዱ ጎትቶ እስኪወስደው አትጠብቁ። ገመዱ ከመወጠሩ በፊት በእጅ ገፍታችሁ ልቀቁት። ቅርንጫፍ ገመድ በእጅ የምትወረውሩ ከሆነም፣ የመርከቡ ፕሮፔለር (ከኋላ እየተሽከረከረ መርከቡን የሚገፋው) ከሚያተራምሰው ውኃ ውጪ ጣሉት። ያ ውኃ መንጠቆውን መልሶ ወደ ላይ ያነሳዋል።

የጠርሙስ ሙከራ

የሚሰምጥበትን ፍጥነት በግምት አትለፉት። መለኪያ መሣሪያ ከሌላችሁ አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ 10 ሜትር ሲባጎና ሰዓት ይበቃችኋል። በአንታርክቲክ ባሕር የሚሠሩ መርከቦች በዚህ መንገድ ይፈተናሉ።

የሲባጎውን አንድ ጫፍ በባዶ ጠርሙስ አንገት እሰሩ፤ ክዳኑን አጥብቁ። ሌላውን ጫፍ በሁለት ክብደቶች መሀል ዋናው ገመድ ላይ አያይዙ። መሀል የሚመረጠው ገመዱ በጣም ቀስ ብሎ የሚሰምጠው እዚያ ስለሆነ ነው። ሲባጎው የታሰረበት የገመዱ ቦታ ውኃ ሲገባ ሰዓቱን ጀምሩ። ጠርሙሱ ላይ ዓይናችሁን ተክሉ። ለጥቂት ጊዜ ማዕበሉ ላይ ይንሳፈፋል። ከዚያ ድንገት ቀጥ ብሎ ይቆምና ጥልቅ ይላል። ያኔ ሰዓቱን አቁሙ።

10ን ለሰኮንዱ አካፍሉ። 33 ሰኮንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በሰኮንድ 0.3 ሜትር ደርሳችኋል። 50 ሰኮንድ ከሆነ 0.2 ነው፤ ክብደት ጨምሩ ወይም አቀራርቡ፣ እንደገናም ፈትኑ። ሙከራውን ከገመዱ በተለያየ ቦታ ደጋግሙት። አንዴ ጥሩ መጣ ብሎ መተው አያዋጣም።

በሌሊት ልቀቁ

አብዛኛው አልባትሮስ የሚያድነው በዓይኑ ነው። ጨለማ ውስጥ ይቸገራል። ስለዚህ መንጠቆ የሚለቀቀው ሙሉ ጨለማ ባለበት ሰዓት ብቻ ይሁን፤ ማለትም ፀሐይ ከአድማስ በታች ከ12 ዲግሪ በላይ በወረደችበት ጊዜ። ፀሐይ ጠለቀች ማለት ጨለመ ማለት አይደለም። የመጨረሻው መንጠቆም ጎህ ከመቅደዱ በፊት ውኃ ውስጥ መግባት አለበት። ስንት ሺህ መንጠቆ እንዳላችሁና በሰዓት ስንት እንደምትለቁ አስሉና ከኋላ ወደ ፊት ቁጠሩ። የበጋ ሌሊት አጭር ነው፤ የማይበቃ ከሆነ መንጠቆ መቀነስ ነው ያለው።

የመርከቡን ወለል መብራት ለሠራተኛው ደኅንነት ከሚያስፈልገው በላይ አታብሩ። ያለውንም ወደ ውስጥ አዙሩት፤ ከኋላ ያለው ውኃ ላይ እንዳይወድቅ።

ሙሉ ጨረቃ በሆነበት ሰሞን ይህ ዘዴ ኃይሉ ይቀንሳል። ነጭ አገጭ ፔትረልም በሌሊት ይበላል። ስለዚህ ጨለማ ነው ብላችሁ ማስፈራሪያ ገመዱን ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ።

የወፍ ማስፈራሪያ ገመድ አሠራር

ማሽላ ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ የጠበቀ ሰው ይህን ቶሎ ይረዳዋል። እህሉን መሸፈን አይቻልም፤ ወፉ ግን እንዳያርፍ ማድረግ ይቻላል። ዘዴውን ያመጡት በ1980ዎቹ መጨረሻ የጃፓን ቱና አጥማጆች ራሳቸው ናቸው። መንጠቆ ላይ የሰኩትን ምግብ ወፍ እየበላባቸው ስለተቸገሩ ነው።

ለአንድ ገመድ የሚያስፈልገው ቀላልና ጠንካራ የሆነ 150 ሜትር ገመድ፣ ደማቅ ቀለም ያለው የፕላስቲክ ቱቦ (ቀይ፣ ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ቢጫ)፣ ጥብጣቦቹ እንዳይጠላለፉ የሚሽከረከሩ ማያያዣዎች፣ እና ጫፉ ላይ ውኃ ውስጥ እየተጎተተ ገመዱን የሚወጥር ነገር ናቸው። የሚወጥረው ነገር የተቋጠረ ወፍራም ገመድ፣ የፕላስቲክ ሾጣጣ ወይም ትንሽ ተንሳፋፊ ሊሆን ይችላል።

ከመርከቡ 5 ሜትር ላይ የመጀመሪያውን ጥብጣብ እሰሩ። ከዚያ ቢበዛ በየ5 ሜትሩ ቀጥሉ። ርዝመታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። ለመርከቡ የቀረበው ቢያንስ 6.5 ሜትር ይሁን፤ እየራቀ ሲሄድ ያጥራል፣ የመጨረሻው 1 ሜትር ይሆናል። መስፈርቱ ቀላል ነው፦ ነፋስ በሌለበት እያንዳንዱ ጥብጣብ ውኃውን መንካት አለበት። ከውኃው በላይ አንድ ሜትር ተንጠልጥሎ የቀረ ጥብጣብ ለወፉ በር ነው፤ ከሥሩ ሾልኮ ይገባል።

ለመርከቡ ቅርብ በሆነው በኩል ሆን ተብሎ ደካማ የተደረገ መጋጠሚያ አኑሩ። ገመዱ ከዋናው ገመድ ጋር ቢጠላለፍ እዚያ ይበጠሳል እንጂ ምሰሶውን አይሰብርም፣ ሰውም አይጎዳም። የተበጠሰው ጠፍቶ እንዳይቀር ሌላ ላላ ያለ ገመድ ያዙለት።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ገመዱ ከመጀመሪያው መንጠቆ በፊት ይወርዳል፤ ከመጨረሻው መንጠቆ በኋላ ይነሳል። ምሰሶው ላይ ከፍ አድርጋችሁ፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል እሰሩት። ነፋሱ ጥብጣቦቹን ገፍቶ በትክክል መንጠቆዎቹ በሚወርዱበት ላይ ያውላቸዋል። በተቃራኒው በኩል ካሰራችሁት ገመዱ ባዶ ውኃ ይጠብቃል። ርዝመቱ ከ35 ሜትር በላይ የሆነ መርከብ ሁለት ገመድ፣ በየጎኑ አንድ አንድ፣ ይጠቀም፤ አየር ላይ የሚቆየው ክፍልም 100 ሜትር ይድረስ። ከዚያ ላነሰ መርከብ አንድ ገመድ ሆኖ 75 ሜትር አየር ላይ ይቆይ።

አየር ላይ ያለውን ርቀት እንዴት ታውቃላችሁ? በየ25 ሜትሩ የተለየ ቀለም ያለው ጥብጣብ እሰሩ። ገመዱ ውኃውን የሚነካበትን ቦታ በዓይን ማንበብ ትችላላችሁ። ርቀቱ ካጠረ ወይ ምሰሶው ዝቅ ብሏል፣ ወይ ጫፉ ላይ ያለው ጎታች ቀሏል። እንደ ነፋሱና እንደ ማዕበሉ ማስተካከል የማያቋርጥ ሥራ ነው። አስሮ መርሳት አይሠራም።

ይህን ገመድ መሥራት ትልቅ ፋብሪካ አይፈልግም። በናሚቢያ ዋልቪስ ቤይ ሜሜ ኢቱምባ የተባለ የሴቶች ቡድን ለአገሩ መርከቦች በእጅ ሠርቶ ሸጧል። ሕጉ ወጥቶ መርከቦቹ ሲፈልጉ ገመዱ እዚያው ወደቡ ላይ ይገኝ ነበር። ብዙ አገር ሕግ ያወጣል፤ ዕቃው ግን የለም። የናሚቢያን ውጤት ያመጣው ሁለቱ በአንድ ላይ መሄዳቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሁለት ይበቃል ወይስ ሦስት?

ከ25 ዲግሪ ደቡብ በታች በሕንድ ውቅያኖስና በአትላንቲክ ቱና የሚያጠምዱ ሎንግላይን መርከቦች ከሦስቱ፣ ማለትም ከክብደት፣ ከሌሊትና ከማስፈራሪያ ገመድ፣ ቢያንስ ሁለቱን እንዲጠቀሙ የቱና ማጥመድን የሚቆጣጠሩት ዓለም አቀፍ ኮሚሽኖች ያዛሉ። አካፕ ግን ሦስቱንም በአንድ ላይ ይመክራል። እኔም ከአካፕ ጋር ነኝ። እያንዳንዱ ዘዴ የራሱ ቀዳዳ አለው። ጨረቃ ስትወጣ ሌሊቱ ይከዳል፣ ነፋሱ ሲያይል ገመዱ ይከዳል፤ ያኔ ሦስተኛው ይሸፍናል።

ሦስቱን ሊተካ ይችላል የተባለ ሌላ መሣሪያም አለ። ሁክፖድ ይባላል። የመንጠቆውን ሹል ጫፍ የሚከድን የፕላስቲክ ቅርፊት ነው። በውኃው ግፊት ከ10 ሜትር በታች በተወሰነ ጥልቀት ራሱ ይከፈታል። ሲጎተት ተሰብስቦ ተመልሶ ይዘጋና እንደገና ይሠራል። አካፕ ብቻውን ሊበቃ ይችላል ብሎ ከተቀበላቸው መሣሪያዎች አንዱ ነው።

ወቅትም ይታሰብበት። በደቡብ አትላንቲክ ባለችው በደቡብ ጆርጂያ ደሴት ዙሪያ በ1990ዎቹ አጋማሽ በሺዎች የሚቆጠር ወፍ ይሞት ነበር። ዓሣ ማጥመድ አብዛኛው ወፍ ጎጆ በሌለበት በክረምት ብቻ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሌሊት መልቀቅ፣ ክብደትና ማስፈራሪያ ገመድ ተጨመረበት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ተጠጋ።

ፍርፋሪውን ያዙ

የዓሣ ሆድ ዕቃና ጭንቅላት ወደ ባሕር መጣል ወፎችን መጥራት ነው። መንጠቆ በሚለቀቅበት ጊዜ ምንም አትጣሉ። በሚጎተትበት ጊዜ የግድ ከሆነ ገመዱ ከሚወጣበት በተቃራኒው ጎን ጣሉ። ከሁሉ በላይ ግን በዓሣ ጭንቅላት ውስጥ የቀረ መንጠቆ አብሮ እንዳይጣል። አልባትሮስ ያንን ጭንቅላት ይዞ ደሴቱ ድረስ ሄዶ ለጫጩቱ ያጎርሰዋል። በጎጆዎች ዙሪያ መንጠቆ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ገመዱ ተመልሶ በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያም ከመርከቡ ጎን በወጡ ዘንጎች ላይ ጥብጣቦችን እንደ መጋረጃ አንጠልጥሉ። ወፎቹ እዚያ እንዳይጠጉ ያደርጋል።

ወፍ በሕይወት ከተያዘ

ገመድ ሲጎተት የሚያዙት ወፎች አብዛኞቹ በሕይወት ናቸው። ይህ ክፍል በትክክል ከተሠራ ብዙ ወፍ ይተርፋል። ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ መንጠቆውን ያወጣል።

1. መርከቡን አዝግሙ። ገመዱን ይዛችሁ ወፉን አታንጠልጥሉት። በመቅጃ መረቡ ከሥር አንሱት።

2. መነጽርና ጓንት አድርጉ። ወፉ የሚያነጣጥረው ዓይን ላይ ነው። በፎጣ ሸፍኑት፤ ጭንቅላቱ ሲሸፈን ይረጋጋል።

3. ክንፎቹን ወደ ገላው አጥፉ። ደረቱን አትጫኑ፤ ደረቱ ካልተንቀሳቀሰ መተንፈስ አይችልም።

4. ምንቃሩን ያዙ፣ የአፍንጫ ቀዳዳውን ግን አትድፈኑ። አልባትሮስ ከምንቃሩ ግራና ቀኝ ትናንሽ ቱቦዎች አሉት፤ የሚተነፍሰው በእነሱ ነው። በደቡብ አፍሪካና በናሚቢያ የሚያዘው ጋኔት የተባለው የባሕር ወፍ ደግሞ ከውጭ የሚታይ የአፍንጫ ቀዳዳ የለውም፤ በአፉ ነው የሚተነፍሰው። የጋኔትን ምንቃር ሙሉ በሙሉ ከዘጋችሁት ታፍኖ ይሞታል። ጣት የሚያህል ክፍተት ተዉለት።

5. መንጠቆው የሚታይ ከሆነ ወደ ኋላ አትጎትቱት፤ ሥጋውን ይቀደዋል። ሹሉ ጫፍ በሌላ በኩል እስኪወጣ ግፉት፣ ጫፉን በብረት መቁረጫ ቁረጡ፣ ቀሪውን መልሳችሁ አውጡ። በጥልቀት ተውጦ ከሆነ ግን አትነካኩት። ገመዱን በተቻለ መጠን ወደ ውስጥ ቀርባችሁ ቁረጡና ተዉት።

6. የራሰና የደከመ ወፍ ወዲያው አይለቀቅ። ነፋስና ጫጫታ በሌለበት ጥላ ቦታ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡት። ምግብም ውኃም አትስጡት።

7. ላባው ሲደርቅ፣ በእግሩ ሲቆም፣ ጭንቅላቱን ቀና ሲያደርግና ለድምፅ ሲነቃ ዝግጁ ነው። መርከቡን አዝግማችሁ ቀስ ብላችሁ ውኃው ላይ አኑሩት። ወደ አየር አትወርውሩት።

እግሩ ላይ ቀለበት ካለ ቁጥሩን ጻፉ። ያ ቁጥር ወፉ የት ደሴት፣ መቼ እንደተፈለፈለ ሊናገር ይችላል።

መዝግቡ

የሞተውም የተለቀቀውም ይመዝገብ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የወፉ ዓይነት፣ የተለቀቀው መንጠቆ ብዛት፣ የጨረቃው ሁኔታ፣ ማስፈራሪያ ገመዱ ወርዶ እንደነበር። ዓይነቱን ካላወቃችሁት የጭንቅላቱንና የምንቃሩን ፎቶ በጎን አንሱ። ውጤቱ የሚሰላው በ1,000 መንጠቆ ስንት ወፍ በሚል ነው። ብዙ ወፍ የተያዘበትን ቀን ብቻ ነጥላችሁ ስታዩ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይታያል፤ ወይ ሥራው እስከ ንጋት ዘልቋል፣ ወይ ገመዱ ተበጥሶ አልተተካም። ቁጥሩ ያሳፍራል ብሎ መደበቅ የሚጎዳው ራስን ነው።

መረብ የሚጠቀሙ ከሆነ

በጎታች መረብ መርከብ ላይ ወፉን የሚገድለው መረቡን የሚጎትተው ወፍራም ሽቦ ገመድ ነው። ወፉ ለፍርፋሪ ሲራኮት ክንፉ ይመታና ገመዱ ወደ ውኃ ይጎትተዋል። መፍትሔው ፍርፋሪ አለመጣልና ከእያንዳንዱ ሽቦ ገመድ ውጪ በኩል አንድ አንድ ማስፈራሪያ ገመድ ማውረድ ነው። የደቡብ አፍሪካ የሄክ መርከቦች ይህን ከጀመሩ በኋላ የአልባትሮስ ሞት ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። መረቡ ከመውረዱ በፊት የተሰነቀሩበትን ዓሦች ማጽዳትም አይረሳ።

ቆሞ የሚጠብቀው ተተካይ መረብ ግን ከባዱ ነው። በዓለም ላይ በዓመት ቢያንስ 400,000 ወፍ እንደሚገድል ይገመታል፤ ሁሉም ቦታ የሚሠራ መፍትሔም እስካሁን የለውም። ተስፋ የሚሰጥ ነገር በፔሩ ታይቷል። መረቡ ላይ አረንጓዴ የኤልኢዲ መብራት ሲታሰር ጓናይ ኮርሞራንት የተባለው ጠላቂ ወፍ ሞት በ85 በመቶ ቀንሷል። በባልቲክ ባሕር መረቡን ለወፍ እንዲታይ ለማድረግ ጥቁርና ነጭ ጨርቅ ተሞክሮ ግን አልሠራም። ስለዚህ አንድ ቦታ የሠራውን ሳይፈትኑ ሌላ ቦታ መቅዳት አይገባም።

ባሕር የሌለንስ?

በእኛ ሐይቆች፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳ፣ በጫሞና በጣና፣ ዓሣ በአብዛኛው የሚያዘው በዚሁ ተተካይ መረብ ነው። ኮርሞራንት ዓሣ ፍለጋ የሚጠልቀውም እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። መረቡን ማለዳ ቶሎ ማንሳት፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ መረብ ካለበት አጠገብ አለመጣል፣ የተቀደደ ናይለን ሐይቅ ውስጥ አለመተው ወጪ አይጠይቅም። ፍርፋሪ ወፍ እንደሚሰበስብ ሐዋሳ አሞራ ገደል የአባ ኮዳዎቹን ሰልፍ ያየ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። የተጣለ ናይለን ደግሞ አይበሰብስም፤ ባለቤት ሳይኖረው ለዓመታት ያጠምዳል።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ለምትኖሩ ደግሞ የቱና ቆርቆሮውን አገላብጡና አንብቡ። ርካሹ ቱና በአብዛኛው ስኪፕጃክ የሚባለው ነው፤ በትልቅ ከባቢ መረብ ወይም በዘንግ ይያዛል። አሜሪካ ውስጥ ነጭ ቱና ተብሎ የሚሸጠው አልባኮር ግን ብዙውን ጊዜ የሎንግላይን ዓሣ ነው። በዘንግና በነጠላ ገመድ የተያዘ ነው የሚል ጽሑፍ ካለበት ወፍ የመግደል ዕድሉ እጅግ ያነሰ ነው። እንዴት እንደተያዘ ምንም ያልተጻፈበት ከሆነ አስመጪውን ድርጅት ጠይቁና እንዲመልስላችሁ አድርጉ። አድራሻው ቆርቆሮው ላይ አለ።